ወር የሚቆጥር ጨጓራ

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ሸምሱ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የእኔን መድኃኒት በስህተት ጠጣ። ታሪኩ ይኸው ነው። አንዳንዱን ያስቀው ይሆናል፣ አንዳንዱንም ያሳፍረው ይሆናል፤ እኔ ግን ያን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር አልሐምዱሊላህ እላለሁ። እንድጽፈው የፈቀደልኝም እሱ ራሱ ነው። "ጻፊው፣ ስሜን ብቻ ቀይሪው" አለኝ። ቀይሬዋለሁ።

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ፈቲያ እባላለሁ። ወራቤ ተወልጄ አደግኩ፤ ሙዘይን የሚባል ዝምተኛ ሰው አግብቼ ወደ ጆሃንስበርግ መጣሁ። የምንኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ ዳቬይተን ውስጥ ነው። እዚያ አንዲት ስፓዛ አለችን፤ የሰፈር ሱቅ ማለት ነው። ፊቷ በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው፤ በፍርግርጉ ቀዳዳ ዳቦ፣ ወተት፣ ሳሙናና የስልክ ካርድ እናቀብላለን። ከጀርባዋ የምንተኛባት ክፍልና አንዲት ጠባብ ማድ ቤት አሉ።

ጋሼ ሸምሱ መሃል ከተማ፣ ዱርንፎንቴን በሚባል ሰፈር፣ የጅምላ መጋዘን አለው። እኛን ያመጣን እሱ ነው፣ ሱቋንም የከፈተልን እሱ። ሚስቱና ስምንተኛ ክፍል የምትማረው ልጁ ሀያት ወራቤ ናቸው፤ የሀያትን የፈተና ውጤት ለደንበኞቹ ሁሉ ያነብላቸዋል። በቤተሰባችን ውስጥ የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፣ ሆደ ቡቡ ነው። ችግሩ አንዴ ከወሰነ ወሰነ ነው።

እኔ ደግሞ በሽተኛ ነበርኩ። ልክ ሀያት ባለችበት ዕድሜ የወር አበባዬ ከመጣ ጀምሮ በየወሩ ሆዴ ውስጥ ቁጭ ብሎ እርጥብ ጨርቅ የሚጨምቅ ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር። ወገቤን ይቆርጠኛል፣ ያስመልሰኛል፣ አንዳንዴም ራሴን ስቼ እወድቃለሁ። እናቴ "ስታገቢ ይተውሻል" አለችኝ። አገባሁ። አክስቴ ደግሞ "ስትወልጂ ይተውሻል" አለችኝ። ልጁ ግን አልመጣም፣ ሕመሙም አልተወኝም።

ይህ ሕመም እኛ ቤት በወንድ ፊት የሚጠራበት ስም አልነበረውም። እናቴ ሲያማት "ጨጓራዬን" ትል ነበር፤ እኔም ያንኑ ተማርኩ። ጨጓራ ጥሩ መደበቂያ ነው። ጨጓራ የማያውቀው ሐበሻ የት አለ? ሁሉም ያዝንልሻል፣ ሁሉም መድኃኒት ያዝልሻል፣ ማንም ዝርዝሩን አይጠይቅሽም። ሐኪም ቤት ስንሄድም የሚያስተረጉመው ጋሼ ሸምሱ ነበር፤ ያኔ የቤተሰቡ እንግሊዝኛ ያለው እሱ ዘንድ ነበራ! ሐኪሙ ሲጠይቅ ጋሼ ወደ እኔ ዞሮ "የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?" ይለኛል። እኔ ከእምብርቴ በላይ አሳያለሁ። የሚያመኝ ከእምብርቴ በታች ነበር። እንዲህ እያልን ማድ ቤቴ ውስጥ ያለው የብስኩት ቆርቆሮ በጨጓራ ኪኒን ሞላ።

ሱቃችን ውስጥ እንኳ የሴቶች ፓድ የምሸጠው እንደ ኮንትሮባንድ ነበር። አንዲት ሴት ፓድ ከጠየቀችኝ መጀመሪያ በጋዜጣ፣ ቀጥሎ በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ ነው የማቀብላት። የአገሬ ባለሱቅ እንዲያ ሲያደርግ አይቼ ነው ያደግኩት። የዳቬይተን ሴቶች ግን ይስቁብኝ ነበር። አጠገባችን ፀጉር ቤት ያላት ማ ታንዲ አንድ ቀን ፌስታሉን ፈትታ ፓዱን ብድግ አድርጋ አሳየችኝና "ሲሲ" አለች፣ እህቴ ማለቷ ነው፣ "የተሰረቀ ነው እንዴ?"።

ሕመሜንም መጀመሪያ የነቃችብኝ ማ ታንዲ ናት። "በየወሩ ትጠፊያለሽ፤ ልጄም እንዳንቺ ነበረች" አለችኝ። ከዚያ ፊቴን አየችና የዳጋ ሻይ ላፍላልሽ አለች። ዳጋ እዚህ አገር ሐሺሽ ነው። እኔ "አስተግፊሩላህ!" ብዬ አፌን ያዝኩ። ማ ታንዲ ወገቧን ይዛ ሳቀች። "ሃዎ! ወንዶቻችሁ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ቅጠል ሲያመነዥኩ ይውላሉ፣ አንቺ የእኔን ቅጠል ትፈሪያለሽ?" አለች። ሻዩን ግን እምቢ አልኩ። እሷም አልተቀየመችኝም፤ ሰው ጠያይቃ ከተማ ውስጥ ያለች የአገሬን ልጅ ሐኪም፣ ዶክተር ሕይወትን፣ አገኘችልኝ።

ዶክተር ሕይወት ክፍል ስገባ ለመጀመሪያ ጊዜ በእኔና በሐኪም መካከል ማንም አልነበረም። ልማድ ሆኖብኝ "ጨጓራዬን ነው" አልኳት።

"መቼ መቼ ነው የሚያምሽ?"

"በየወሩ።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "የፈቲያ ጨጓራ ወር ይቆጥራል እንዴ?" አለችኝ። ሳልወድ ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳቄ ወደ ለቅሶ ተቀየረ፣ ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት።

ከብዙ ምርመራ በኋላ የበሽታዬን ስም አወቅሁ፤ ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። የማህፀንን ውስጠኛ ግድግዳ የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ ይበቅልና በየወሩ ይቆጣል። የተለመዱትን የሕመም ማስታገሻዎች ሞከርን፤ አልሠሩልኝም። የሆርሞን ኪኒኑም ዓይኔን ሊያጠፋው የደረሰ ራስ ምታት አመጣብኝ። የቀዶ ጥገናው ወረፋ ሩቅ ነበር። በመጨረሻ ዶክተር ሕይወት ከመድኃኒት ተቆጣጣሪው ልዩ ፈቃድ ጠይቃ ከካናቢስ የተዘጋጀ ዘይት አዘዘችልኝ፤ ያው የማ ታንዲ ቅጠል፣ ተለክቶና ተመርምሮ በጠርሙስ ሲመጣ ማለት ነው።

"ልዋሽሽ አልፈልግም" አለችኝ። "ለሁሉም ሴት አይሠራም፣ ጥናቱም ገና ብዙ ይቀረዋል። ሕመሙን ያስታግስልሽ እንደሆነ እንጂ በሽታውን አይነቅልልሽም። ልጅ ለመውለድ ስትሞክሪ ታቆሚዋለሽ። ከምላስሽ ሥር ሦስት ጠብታ፣ ከዚያ በላይ እንዳትወስጂ። ደግሞ ከሰው እጅ አርቀሽ አስቀምጪው።"

ለሙዘይን "ከቅጠል የተሠራ ጠብታ ነው" አልኩት። የትኛው ቅጠል ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ጠርሙሱ ላይ ግን የቅጠሉ ሥዕል ተለጥፏል፣ አረንጓዴ፣ ከሩቅ የሚታወቅ! በቢላዋ ፋቅሁት። በላዩ ፕላስተር ለጥፌ በአማርኛ "የጨጓራ" ብዬ ጻፍኩበትና ብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ ከኪኒኖቹ ጋር ቀበርኩት። በዚያን ጊዜ ብልጠቴ ራሴን አስደነቀኝ።

የመጀመሪያው ወር ሕመሙ አልጠፋም። ነገር ግን አልጋዬ ላይ ተቀምጦ የነበረው ሕመም ተነስቶ ደጅ የቆመ ያህል ሆነልኝ። ተነስቼ ወጥ ሠራሁ። ሙዘይን ማድ ቤት በር ላይ ቆሞ አየኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እንዲህ ያለ ደስታ ለማን ይነገራል? ለጋሼ ሸምሱ ድኛለሁ እንዳልለው፣ በምን ዳንሽ ቢለኝስ?

እንግዲህ እሑዷ መጣች። ጋሼ ሸምሱ ሥጋ ገዝቶ መጣ። ክትፎ ሠራሁለት፤ እሱ የሚወደው ሚጥሚጣው የሚያስለቅሰውን ነው። ሦስታችንም ከበን መብላት እንደጀመርን፣ እሱ ጉርሻ እየጠቀለለ "ሙዘይን፣ ፈቲያ አገር ቤት ትሂድ" አለ።

የሙዘይን እጅ ሳህኑ ላይ ቀረ።

"ባለፈው ሱቅ ውስጥ ወድቃ ሰው ነው ያነሳት። አንድ ነገር ብትሆን ለወላጆቿ ምን እላለሁ? ወራቤ ጥሩ የጨጓራ ሐኪም አለ ብለውኛል። ትኬቱን ነገ እቆርጣለሁ።"

"ወረቀቷስ ጋሼ?" አለ ሙዘይን።

"ጤና ይቀድማል።"

የእኔ ወረቀት አሳይለም ነው፤ የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት። በእሱ ከዚህ አገር የወጣ ሰው ተመልሶ አይገባም። "ሲሻላት ትመለሳለች" ተብለው የተሸኙ ሴቶችን አውቃለሁ። ባሎቻቸው እዚህ፣ እነሱ እዚያ፣ ትዳሩ ስልክ ላይ ሆኖ ቀረ። ጋሼ ሸምሱ ደግሞ ጉርሻውን ለእኔ ዘርግቶ "ስትሄጂ ለሀያትም የዚህን አገር የጨጓራ መድኃኒት ያዢላት" አለኝ። "እሷንም እንዳንቺ ጀምሯታል። በየወሩ ከትምህርት ቤት ትቀራለች አሉኝ።"

ጉርሻው አፌ ውስጥ አበጠ። የሀያት ጨጓራ ምን እንደሆነ እዚያው ገባኝ። ግን ምን ልበል? አንገቴን ደፍቼ ዋጥኩ።

ከምሳ በኋላ ደንበኛ ፍርግርጉን አንኳኳችና ሱቅ ወጣሁ። ዳቦ እየቆጠርኩላት ሳለ ከማድ ቤት የጋሼ ድምፅ መጣ፤ "ፈቲያ! ሚጥሚጣሽ ፈጀኝ! የጨጓራ መድኃኒትሽ የት ነው?"

"ብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ ጋሼ!" አልኩ ጮክ ብዬ። በልቤ ያሰብኩት ኪኒኑን ነበር። ጠርሙሱ ትዝም አላለኝ፤ ሐሳቤ ሁሉ ትኬቱ ላይ ነበር።

ጥቂት ቆይቼ ስመለስ ጋሼ ፍራሹ ላይ ጋደም ብሎ ከሙዘይን ጋር ስለ ስኳር ዋጋ ያወራል። ሻይ ጣድኩ። ከእምብርቴ በታች ያ የማውቀው ጭመቃ ቀስ እያለ ሲጀምር ይሰማኛል። እንግዳው እስኪሄድ ልታገሥ ብዬ ቻልኩት። የስኳሩ ወሬ አልቆ ወደ ታክሲዎች ጠብ ተሻገሩ። በዚህ መሃል ነው ጋሼ ሸምሱ ማንቆርቆሪያውን እያየ መሳቅ የጀመረው።

ጋሼ ሸምሱ ብዙ የሚስቅ ሰው አይደለም። ሙዘይንና እኔ ተያየን።

"ምን ሆንክ ጋሼ?"

"ማንቆርቆሪያው ይቆጣል" አለና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ በድንገት ዝም አለ። ምላሱን አወጣ፣ አስገባ። "አፌ ደረቀ። ውሃ።" ውሃ ሰጠሁት። ደረቱን ያዘ። "ልቤ... ሙዘይን፣ ልቤ ሊወጣ ነው። ወንድሜ፣ መሞቴ ነው።" ወዲያው ፊቱን ወደ ቂብላ አዞረና ጣቱን ቀስሮ ሸሃዳ ማለት ጀመረ።

ሙዘይን ሮጦ ማ ታንዲን ሊጠራ ወጣ፤ መኪና ያላት እሷ ናት። እኔ ለጋሼ ፎጣ ላርጥብ ብዬ ወደ ማድ ቤት ሮጥኩ። ቆርቆሮው ተከፍቷል። ጠርሙሱ እቃ ማጠቢያው ዳር ቆሟል፤ የጻፍኩበት ፕላስተር ወደ እኔ ዞሯል። አጠገቡ ደግሞ በዘይት የወዛ የሾርባ ማንኪያ!

ጠርሙሱን ብድግ አድርጌ ኪሴ ከተትኩ። "ንገሪያቸው" የሚል ነገር ከውስጤ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ "ብትነግሪያቸው አለቀልሽ" አለኝ። ሐሺሽ የምትወስድ ሴት! ቤት ውስጥ ደብቃ! የቤተሰቡን ታላቅ የመረዘች! ትኬቱ ያኔ ለሕክምና መሆኑ ይቀርና ለፍቺ ይሆናል።

ማ ታንዲ በባኪዋ ይዛን በረረች፤ ባኪ ኋላው ክፍት የሆነ የጭነት መኪና ነው። ጋሼንና ሙዘይንን ከኋላ ጫነቻቸው፣ እኔ ከፊት ተቀመጥኩ። በመስታወቱ ጋሼን ደጋግማ አየችው። ጋሼ አንዴ ያለቅሳል፣ አንዴ ለሚያልፉት ሰዎች "ሳውቦና!" እያለ በዙሉ ሰላምታ እየሰጠ እጁን ያውለበልባል። ማ ታንዲ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ሲሲ፣ ይህ ሰው ምን ወሰደ?" አለችኝ። ኪሴን በእጄ ሸፈንኩ። እሷም አልደገመችም፤ መሪውን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ጉልበቴን ጨበጠችኝ።

ክሊኒኩ ውስጥ ጋሼን አልጋ ላይ አስተኝተው ደረቱ ላይ ሽቦ ለጠፉበት። ማሽኑ ይጮኻል። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ችኩል ይመስላል። "ምን ወሰደ? መድኃኒት? ድራግ?" እያለ ይጠይቃል።

የቤተሰቡ አስተርጓሚ አልጋ ላይ ተዘርሯል። ሙዘይን ያለውን እንግሊዝኛ ሁሉ ሰብስቦ ወደ ፊት ወጣ። "ኖ ድራግ ዶክተር! ሙስሊም! ኦንሊ ክትፎ!"

"ክትፎ ምንድን ነው?"

"ጥሬ ሥጋ" አለ ሙዘይን።

ሐኪሙና ነርሷ ተያዩ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ፈጠነ። ስለ ምግብ መመረዝ፣ ስለ ልብ፣ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ስለ ማስተላለፍ ሲነጋገሩ እሰማለሁ። ነርሷ መርፌ ማዘጋጀት ጀመረች። ጋሼ ሸምሱ የሙዘይንን እጅ ይዞ "ሀያትን አደራ" ይላል። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ሕመሜ ከወገቤ እስከ ጉልበቴ እየጠዘጠዘኝ ነው፣ ኪሴ ውስጥ ያለውን ጠርሙስ ጨብጫለሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጀግና ሆኜ አይደለም የተናገርኩት። መርፌውን ሳየው ነው። የማያስፈልገው መርፌ ተወግቶ ቢሞትስ? ልጅቷ ያለ አባት ብትቀርስ? ይህን ሳስብ አፌ ራሱ ተከፈተ።

"ዶክተር፣ የጠጣውን እኔ አውቃለሁ" አልኩ በእንግሊዝኛ። ጠርሙሱን አውጥቼ ሰጠሁት፤ በስልኬ ያለውን የሐኪም ማዘዣም አሳየሁት። "የእኔ መድኃኒት ነው። ካናቢስ ነው። አንድ ማንኪያ ሙሉ ጠጥቷል።"

ሙዘይን አፉን ከፍቶ ያየኛል። ሐኪሙ ማዘዣውን አነበበ። "ለምን የታዘዘልሽ ነው?"

በእንግሊዝኛ ቀላል ነበር። ከደንበኞቼ የተማርኩት ቋንቋ ነው፣ ሐፍረት አብሮት አልመጣም። "ለፔሪየድ ሕመም" አልኩ፣ ልክ የዳቦ ዋጋ እንደምናገር።

ከዚያ ግን ጋሼ ሸምሱ አንድ ዓይኑን ገለጠ። እንግሊዝኛው አልጠፋበትም። "ለምኑ ነው ያልሽው?" አለኝ በአማርኛ።

አሁን ጆሮዬ ጋለ። እናቴ ታየችኝ፣ ጓዳ ገብታ፣ ነጠላዋን ነክሳ። ደግሞም ሀያት ታየችኝ፣ እንደዚያው ነጠላ ነክሳ።

"ለወር አበባዬ ነው ጋሼ" አልኩት። "እኔ ጨጓራ ኖሮብኝ አያውቅም።"

ሐኪሙ ረዥም ትንፋሽ አወጣ። መርፌው ተመለሰ። ለዶክተር ሕይወት ደወለላትና ተነጋገሩ፤ ከዚያ "ውሃ፣ ፀጥታና እንቅልፍ ነው የሚያስፈልገው። ልቡን እየተከታተልን እናቆየዋለን" አለ። ለእኔም የሕመም ማስታገሻ ሰጠኝ፤ ለካ ፊቴ ከበሽተኛው የባሰ ኖሯል። ነርሷ ወንበር ስታመጣልኝ "ኦንሊ ክትፎ" ብላ በሳቅ ፈነዳች። ማ ታንዲማ በሳቅ ኮሪደሩ ላይ መሬት ልትቀመጥ ምንም አልቀራት።

እኔ ግን ልስቅ አልቻልኩም። ሙዘይን ውሃ ሊገዛ ሲወጣ ከጋሼ ጋር ብቻችንን ቀረን። ጣሪያውን ያያል።

"ሞቻለሁ?" አለኝ።

"አልሞትክም ጋሼ።"

"ይሄ ጣሪያ እየተነፈሰ ነው።"

"ያልፋል። ዝም ብለህ ተኛ።"

"አንቺ ይሄን በየወሩ ትወስጃለሽ?"

"እኔ ሦስት ጠብታ ነው ጋሼ። እንዲህ አያደርገኝም።"

ትንሽ አሰበ። "እኔስ?"

"አንተ ማንኪያ ሙሉ።"

"ያ ረቢ!" አለና ዓይኑን ጨፈነ። የተኛ መስሎኝ ነበር፤ ግን ከተዘጉት ዓይኖቹ እንባ ሲወርድ አየሁ። ቀስ ብሎ ማውራት ጀመረ፣ አሁን በስልጥኛ፣ በልጅነታችን ቋንቋ።

"እናታችን፣ አላህ ይዘንላት፣ ጨጓራ ነበረባት። በየወሩ ጓዳ ገብታ በሩን ትዘጋለች። እኔ የበኩር ልጅ ነኝ፣ ተልባ የምወቅጥላት እኔ ነበርኩ። በርትቼ ነበር የምወቅጠው። አምጥቼ ስሰጣት ትጠጣልኛለች፣ 'ተሻለኝ ልጄ' ትለኛለች። እኔም ደስ ይለኛል።" ዓይኑን ገለጠ። "ተልባ! ፈቲያ፣ በተልባ ነበር የማክማት!"

እጁን ያዝኩት። የባሌን ታላቅ ወንድም እጅ ይዤ አላውቅም ነበር። "ወዳህ ነው የጠጣችልህ ጋሼ" አልኩት፣ እኔም እያለቀስኩ።

ሙዘይን ውሃውን ይዞ ሲመለስ ሁለታችንም ስናለቅስ አገኘን። ጋሼ ተኝቶ ሲያንኮራፋ ኮሪደር ላይ ወጣንና አጠገቤ ቆመ። "ከቅጠል ነው ብለሽኝ ነበር" አለኝ።

"ከቅጠል ነው።"

"እኔም የትኛው ቅጠል ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ" አለ። ከዚያ ትከሻውን ሰጠኝ። ሙዘይን ዝምተኛ ነው ብያችሁ የለ? ያን ቀን ግን ብዙ ተናገረ።

አመሻሹ ላይ ጋሼን ለቀቁት። እኛ ቤት ተኝቶ አደረ። እኔ ግን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በመድኃኒቱ ኃይል የተናገረው ሊሆን ይችላል፣ ነገ ልቡ ሲመለስ ደግሞ ትኬቱ ትዝ ይለዋል እያልኩ ስገላበጥ አደርኩ። ጠዋት ሱቁን ከፍቼ ዳቦ ስደረድር ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ፈቲያ።"

"አቤት ጋሼ።"

"ያቺን ሐኪምሽን አመስግኚልኝ። ሕክምናሽን እዚሁ ቀጥዪ።" ወለሉን እያየ ነው የሚናገረው። "ይፈቀድ እንደሆነ ሼኹን እኔ እጠይቃለሁ። ግን ሐኪም ለክቶ ለሕመም የሰጠው ነገርና ሱስ አንድ አይደሉም፤ ይህ ለእኔም ይገባኛል።"

"አንተ እኮ አልለካህም ጋሼ" አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ፂሙን አሻሸ፣ ከንፈሩ ዳር ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ስልኩን አወጣና ወራቤ ደወለ። ሚስቱን ሰላም አላት፣ ሀያትን ጥሪልኝ አላት። ሀያት "ሄሎ አባ" ስትል እሱ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። ስልኩን ለእኔ ዘረጋልኝና "አንቺ ጠይቂልኝ" አለኝ፤ ራሱ ወደ ውጭ ወጥቶ ፍርግርጉን ይዞ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ።

"ሀያትዬ፣ ፈቲያ ነኝ" አልኳት። "እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይሄ ጨጓራሽ ወር ይቆጥራል እንዴ?"

በጣም በቀስታ "አዎ" አለችኝ። ቀጥላም "እንዴት አወቅሽ?" አለች።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ይህን ስጽፍ ሐሺሽ አስተዋወቀች የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ይህን መድኃኒት ውሰዱ አልላችሁም። ለእኔ ሐኪም መርምራኝ፣ ፈቃድ አውጥታልኝ፣ ለክታ የሰጠችኝ ነው። ልኬቱን የሳተ ሰው ምን እንደሚሆን ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ። ሀያትም ካናቢስ አልተሰጣትም፤ ልጅ ናት። እናቷ ሴት ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት፣ ሕመሙ ሳይበረታ የምትወስደው ተራ ማስታገሻ ታዘዘላት፣ ክትትልም ጀመረች። ባለፈው ወር አንድም ቀን ከትምህርት ቤት አልቀረችም። ጋሼ ሸምሱ ይህንንም ለደንበኞቹ ሊነግር ሲል ለጥቂት ነው ያስቆምነው።

እኔ አልዳንኩም። ሕመሙ ዛሬም በየወሩ ይመጣል፤ ግን እንደ ድሮው አይጥለኝም፣ ደግሞ ብቻዬን አይደለሁም። ወረፋዬም እየቀረበ ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጠብታውን አቁሜ ልጅ እንሞክራለን፤ ዱዓ አድርጉልኝ። ለዶክተር ሕይወት፣ ለማ ታንዲ፣ ለሙዘይን፣ ከሁሉም በላይ ግን ለአላህ ምስጋናዬ ብዙ ነው። እናንተ አባቶች፣ ወንድሞች፣ ባሎች ደግሞ፣ ቤታችሁ ውስጥ በየወሩ ጨጓራዋን የምትታመም ሴት ካለች ተልባውን አቆዩና ቀስ ብላችሁ ጠይቋት።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ሸምሱ ዕቃ ሊያራግፍልን መጣ። ፓዱን ካርቶን ሙሉ ተሸክሞ በሰፈሩ መሃል አልፎ ገባ። ወዲያው አንዲት ወጣት ፍርግርጉ ጋ መጥታ ፓድ ጠየቀችኝ። እጄ በልማዱ ወደ ጥቁሩ ፌስታል ሲሄድ ጋሼ አየኝ።

"ተይው" አለኝ፣ ላቡን እየጠረገ። "ሰው አልገደለችም።"